እጅግ ንጹሕ ሆኖ ስለተመለሰው ማጫወቻ

ለተከበሩ የቤተ መጻሕፍቱ የልዩ ንባብ አገልግሎት ኃላፊ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን የምስጋና ወረቀት መመለስን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ፣ በተለይም ሁለቱን ዓይኖችዎን ደኅና ሆነው እንዲያገኛቸው ከልቤ እመኛለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ማንሣቴ በክፉ እንዳይተረጎምብኝ፤ እንደ እርስዎ በደቃቅ ፊደል ብዙ ደንብ የሚያወጣ ሰው ከሁሉ በፊት ዓይን ያስፈልገዋል ብዬ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ሰው ፊት ቀና ብሎ መሄድ ብቻ ነው ትንሽ ያቃተኝ።

ማን መሆኔን ላስታውስዎ። ባለፈው ሳምንት በፊርማዎና በክብ ማኅተምዎ ያሸበረቀ የምስጋና ወረቀት የላኩልኝ ጡረተኛ ነኝ። ወረቀቱ «በንብረት አያያዝ አርአያ በመሆንዎ» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ወንበር ስቆጥር፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ስለጥፍ፣ የጠፋ ስቴፕለር ሳስፈልግ ኖሬ እንዲህ ያለ ወረቀት አንድም ቀን ደርሶኝ አያውቅም ነበርና፣ ፖስታውን ስከፍት ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል። ከዚያው ፖስታ ውስጥ ግን ሁለተኛ ወረቀት ወጣ፤ የተጻፈውም ለታላቅ እህቴ ነው። «ማጫወቻውን ለሃያ አራት ቀናት ያልተጠቀሙበት በመሆኑና የማዳመጥ ፍላጎት እንደሌለዎት በመረጋገጡ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ተሰርዘዋል» ይላል። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ፖስታ ውስጥ ያደረጓቸው ለቁጠባ እንደሆነ ይገባኛል፤ ሳያውቁት ግን በዳይንና ተበዳይን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል።

ታላቅ እህቴን እትዬ ነው የምላት፤ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። እናታችን ስታርፍ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስኳር ዓይኗን ከወሰደባት ስድስት ዓመት ሆነ። ከእርስዎ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችው መዳፍ የምታህል ማጫወቻ በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍት የሚሰሙባት ናት፤ እትዬ ግን አንድም ቀን «ሰማሁ» ብላ አታውቅም፣ «አነበብኩ» ነው የምትለው። እኔ ላንብብልሽ ስላት ሰው ሲያነብላት እንግዳ እንደሚቀመጥባት፣ ራሷ ስታነብ ግን በገዛ ቤቷ ብቻዋን እንደምትሆን ነግራኝ ነበር። ይህን ያነሣሁት ጉዳዩ ስለ አንዲት ዕቃ እንዳይመስልዎ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዎን ከነማኅተሙ እየመለስኩ ምክንያቶቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ለክብርዎ ግድ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ተደራሽነት ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው።

አንደኛ። ለዓይነ ሥውራን ስላዘጋጁት የውሰት ውል ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ እኔ እንኳ መነጽሬን ጠርጌ በመስኮት ብርሃን ካልሆነ በማላነበው ፊደል የታተመ ነው፤ የሚፈርሙበት ሰዎች እንዳያነቡት ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ሊገኝ አይችልም። ሰልፉ ረዝሞ ስለነበር ቤት ስትገቡ ያነቡላቸዋል ተብዬ፣ የእትዬን አውራ ጣት ይዤ ቀለም አስነክቼ ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። ቤት ስንገባ ውሉን ከአንድም ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እንደ ድሮ ሥራዬ በእርሳስ አሰመርኩበት። ምን ይላል ብላ ስትጠይቀኝ ግን «የተለመደው ነገር ነው እትዬ» ብዬ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ስር የእርስዎና የእኔ ድርሻ እኩል መሆኑ ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛ። ማጫወቻዎቹን ዘመናዊ ስላደረጓቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የድሮዎቹ ደንደን ያሉ፣ ቁልፋቸው ጎላ ጎላ ያለ፣ አንዱ ክብ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ለማየት የማያምሩ ነበሩ ይባላል። አዲሶቹ ግን ስስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ፣ ስምንቱም ቁልፎች በአንድ ለስላሳ ፕላስቲክ ስር ተኝተዋል፤ የትኛው ምን እንደሆነ የሚያሳዩት ምልክቶችም በሚያምር ሰማያዊ ቀለም ተሥለዋል። እትዬ ምልክቶቹ ምን እንደሚመስሉ ጠይቃኝ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ቀለሙ ያምርባችሁ ብላለች።

የእርስዎ ቢሮ ያላሰበበትን አንባቢዎቹ እርስ በርሳቸው ዘየዱ። ከእትዬ በፊት ማጫወቻው የነበረው አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ዘንድ ነው። እሳቸውም ዓይነ ሥውር ናቸው። የጥፍር ቀለም በጠብታ በጠብታ እያደረጉ አድርቀው፣ ማስጀመሪያው ላይ አንድ ጠብታ፣ ወደ ኋላ መመለሻው ላይ ሁለት፣ ወደ ፊት ማለፊያው ላይ ሦስት አኑረውበታል። ማጫወቻው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ሲሄድ ጠብታዎቹ አይነሡም፤ ተቀባዩ ለቀድሞው አንባቢ ደውሎ የየትኛው ትርጉም ምን እንደሆነ ይማራል። ይህ የእነሱ ደንብ ነው፤ የትም አልተጻፈም፣ አንቀጽም የለውም። እትዬ ከመምህርቷ ጋር አርባ ደቂቃ በስልክ ስታወራ፣ ጣቷ ማጫወቻው ላይ እየሄደ ስትስቅ አይቻታለሁ። ቀጥላ ያቋረጠችበትን ቦታ የምትይዝላት ቁልፍ ላይ የራሷን ምልክት ጨመረች፤ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የክር ቋጠሮ፣ ልብስ ሰፊ ብቻ የሚቋጥራት፣ በሙጫ የተጣበቀች። ከዚያ ወዲያ በሁለት ወር ውስጥ አራት መጽሐፍ አነበበች።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ተወዳጁ አንቀጽ ሰባት ደረስን። «በማጫወቻው ላይ ማናቸውም ባዕድ ነገር ተለጥፎ ቢገኝ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ተዋሹ ለስድስት ወር ይታገዳል።» በየወሩ ማጫወቻውን ለምርመራ የማመላልሰው እኔ ነኝና፣ ተረካቢዋ ጠብታዎቹን አይታ ለዛሬ እንዳለፈችኝ፣ በሚቀጥለው ወር ግን እንደምትጽፍብን አስጠነቀቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ ማስጠንቀቂያ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ የንብረት ክፍል ሰው ካልሆነ አይረዳውም። ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰኝ ነው ጡረታ የወጣሁት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ እትዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለችበት፣ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ምላጭ፣ ጥጥ፣ አልኮልና የጥርስ መጎርጎሪያ አዘጋጀሁ። ጠብታዎቹን አንድ በአንድ ፋቅኋቸው። እዚያው ጋደም ያለችውን እትዬን ልጠይቃት አላሰብኩም፤ ቆሻሻን ለማንሣት ማን ፈቃድ ይጠይቃል። በጣም ያስቸገረችኝ የክሯ ቋጠሮ ነበረች፤ አልላቀቅ ስትለኝ እንደተናደድኩባት አስታውሳለሁ። ስጨርስ ማጫወቻው እንደ መስተዋት ሆነ። እትዬ ስትነሣ እጇ ላይ አኖርኩላትና «እንደ አዲስ አደረግሁልሽ» አልኳት። አውራ ጣቷ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ ሄደ። «እጅህ ይባረክ» አለችኝ፤ እኔም ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

አራተኛ። ከዚያ ስለተከተሉት ሃያ አራት ቀናት። እትዬ እንደ ወትሮዋ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ ማጫወቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። እኔም እንዳልረብሻት በእግር ጣቴ እየሄድኩ አልፋለሁ። የጀመረችው ልብ ወለድ ከአንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ አነስተኛ ሆቴል ስለምታስተዳድር ሴትና ጉድጓድ ሊቆፍር ሄዶ ስለቀረ ባሏ ነው፤ ካሉት አሥራ ዘጠኝ ምዕራፎች አሥራ አራቱን ጨርሳ ነበር። እራት ላይ መጽሐፉ ምን ደረሰ ብዬ እጠይቃታለሁ። «ሰውዬው ገና አልተመለሰም» ትለኛለች። በማግሥቱም እጠይቃለሁ፤ ሰውዬው ገና አልተመለሰም። ሃያ አራት ቀን ሙሉ አልተመለሰም። እንዲህ የሚንቀረፈፍ ደራሲ አይቼ አላውቅም ብዬ ስቀልድ እሷም አብራኝ ትስቅ ነበር። ጆሮዋ ላይ ያለው ነገር ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ የእርስዎ ወረቀት ከደረሰን በኋላ ነው። የዚያን ቅዳሜ ለመክፈት ሞክራ ነበር። ለስላሳው ፕላስቲክ ላይ ጣቷ የነካውን ሁሉ ስትጫን ማጫወቻው በማታውቀው ቋንቋ ይለፈልፍባት ጀመር፤ ዝም ለማሰኘት ስትጫን መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው መለሰባት፤ አጥፍታ ተወችው። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «በጣም ደስ ብሎህ ነበር» አለችኝ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም።

እርስዎ ግን በአንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት ከአሥራ አምስት ቀን በላይ ያልተደመጠ ማጫወቻ እንዲነጠቅ ደንግገዋል፤ ማጫወቻውም የተዘጋበትን ቀን እየቆጠረ ለኮምፒውተርዎ ይነግርልዎታል። የአንዲት አሮጊትን ዝምታ በቀንና በሰዓት መዝግቦ የሚይዝ ቢሮ፣ ስልክ አንሥቶ ምን ሆነው ነው ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ማጣቱ የሥራ ብዛት ቢሆን ነው፤ እግዜር ያበርታችሁ።

አምስተኛ። በምርመራው ቀን ማጫወቻውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አካል ጉዳተኞችን የምታስተናግዱበትን ክፍል ሊፍቱ የማይሠራበት ሕንፃ ጫፍ ላይ ማድረጋችሁን እንደ ስፖርት ማበረታቻ ስለምቆጥረው አልከስዎም። በመስኮት ቁጥር ሦስት የተቀመጠችው ተረካቢ ማጫወቻውን ብርሃን ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ ሥራ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ያማረ ንብረት ተመልሶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ከጎኗ ላለችውም አሳየቻት። ደረቴን ነፋሁ። ቀጥላ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችውና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ቁልፎቹ ሁሉ ተራ በተራ ተነክተዋል፤ ቋንቋው ተቀይሯል፤ መጽሐፉ ወደ መጀመሪያው ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው። ያን ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ምን ሠርቼ እንደተነሣሁ ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደብኝም።

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ፣ ነጭ ዘንግ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በተጠባባቂዎች ዝርዝር የማጫወቻው ቀጣይ ተረኛ እሳቸው ናቸው። እስኪ ልዳስሰው ብለው ተቀበሉና አውራ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አሳለፉበት። «ይሄንን ደግሞ ማነው የላጨው?» ብለው ጠየቁ። ተረካቢዋ ወደ እኔ ዞራ እህትዎ ማዳመጥ ሰለቻቸው ወይስ ደከማቸው አለችኝ።

በዚያች ደቂቃ ከእኔ የሚጠበቀው «እኔ ነኝ የላጨሁት» ማለት ብቻ ነበር። አላልኩም። ሰው ይሰማል፤ ገና አሁን ተመስግኛለሁ፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ቆመዋል። ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ አንሶኝ «ዕድሜ ነው፣ ቶሎ ይደክማታል፣ እንደ ድሮው አይደለችም» ብዬ ጨመርኩበት። ተረካቢዋ «አንባቢዋ የማዳመጥ ፍላጎት የላቸውም» ብላ ስትጽፍ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። በዚሁ መዝገብ፣ ከዚሁ መስመር ጎን፣ በእኔ ስም «አያያዝ፦ እጅግ ጥሩ» ተብሎ ተጻፈ፤ ማጫወቻውም ለሽማግሌው ሊሰጥ እዚያው ቀረ። እኔን ለማሳደግ ትምህርቷን የተወች ሴት ማንበብ ሰልችቷታል ብዬ የመሰከርኩት ወድጄ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።

ወረቀትዎ መጥቶ ሳነብላት «በመረጋገጡ» የሚለው ቃል ላይ አስቆመችኝ። ማን ነው ያረጋገጠው አለችኝ። ስለ ምላጩ ወዲያው ነግሬያት ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ለዚህኛው ጥያቄ ግን «መሣሪያው ይሆናል እትዬ» ብዬ መለስኩላት። አፈርኩ ማለት ይህን ሁሉ አይሸፍነውም። እርስዎ ደንብ በማውጣትዎ ሊያፍሩ ይገባል ብዬ ልጽፍ ተነሥቼ፣ ብዕሬ እዚህ ሲደርስ ከእርስዎ ይልቅ ለእኔ የሚበቃ ሆኖ አገኘሁት፤ ቢሆንም የድርሻዎን አስቀርቼልዎታለሁ።

ስድስተኛ። ይህኛው ልመና ነው። አዲስ ተመዝጋቢ አሥራ አራት ወር እንደሚጠብቅ ተነግሮኛል፤ እትዬ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የቀራት አምስት ምዕራፍ ነው። ከሽማግሌው ተቀምቶ ይሰጣት አልልም። ከመጋዘንዎ አንድ ማጫወቻ ወጥቶ ተራዋ እንዲመለስላት፣ «ፍላጎት የላቸውም» የሚለው መስመር ከመዝገቡ እንዲሰረዝና በምትኩ የሠራሁት እንዲጻፍበት እለምናለሁ። አንቀጽ ሰባትን ካላነሡልን ግን አንድም አንባቢ ተራው ቢደርሰውም ማጫወቻውን የራሱ ሊያደርገው አይችልም። መታገድ ያለበት ሰው ከጠፋ፣ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ለስድስት ወር ብቻም አይሁን።

ከምስጋናው ወረቀት ጋር አንድ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም አብሬ ልኬአለሁ። ባለ ሱቋ የትኛውን ቀለም እንደምፈልግ ጠይቃኝ ወፍራም ሆኖ የሚደርቀውን ስጪኝ ብያታለሁ። ሠራተኞችዎ ቢሮ ያሉትን ማጫወቻዎች በሙሉ ለመቀባት ይበቃቸዋል፤ የት የት እንደሚንጠበጠብ ካላወቁ የሒሳብ መምህርቷ በስልክ ያስተምሯቸዋል።

ለንባብ ያለዎት ፍቅር፣ ከንብረት ፍቅርዎ ቀጥሎ ሁለተኛውን ደረጃ እንደያዘ እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በንብረት አያያዝ አርአያ የነበርኩት፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር ሦስት ተረካቢ
ለአንቀጽ ሰባት አርቃቂ፣ ስማቸውን ባላውቅም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእትዬ አነበብኩላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ኃላፊው ራሳቸው ያነቡታል ወይስ የሚያነብላቸው ሰው አላቸው ብላ ነው፤ እንደማላውቅ ነገርኳት። አራተኛውን ጨርሼ ወደ ስድስተኛው ስሻገር እጇን አንሥታ አስቆመችኝና አምስተኛው የት ሄደ አለች። ተመልሼ አነበብኩት፤ ድምፄ እንዴት እንደነበረ አልጽፍልዎም። ሰምታ ስትጨርስ ታውቀው እንደነበር ነገረችኝ። ሽማግሌው ማጫወቻውን በተረከቡበት ዕለት እንደ ደንባቸው ስለ ጠብታዎቹ ሊጠይቋት ደውለውላት ነበር፤ መስኮቱ ላይ የሰሙትንም ሳይደብቁ ነግረዋታል። ማን ነው ያረጋገጠው ብላ የጠየቀችኝ እያወቀች ነው፣ ክቡር ሆይ። ደብዳቤውን ላከው አለችኝ፤ አምስተኛውን ግን አንደኛ አድርገው አለች። እኔ ግን፣ እንደሚያዩት፣ አሁንም አምስተኛ ላይ ነው የተውኩት።